ከጅማ እስከ ዋሽንግተን፦ ኪሎ ሜትሩና ሰዓቱ ለምን አይገጥሙም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከጅማ የደረሱንን የአየር ጉዞ ጥያቄዎች አንድ ላይ ሰብስበናል። ጠያቂዎቹ ብዙ ናቸው፤ ግራ ያጋባቸው ነገር ግን አንድ ነው። ርቀቱ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ከርቀቱ ጋር አልገጥም ይላል።

ጥያቄ፦ ልጄ የምትኖረው ዋሽንግተን አጠገብ ነው። ልጠይቃት ልሄድ ትኬት ተቆርጦልኛል። እሷ «መሄጃው 17 ሰዓት ግድም ነው» ትለኛለች። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ በቀደም ከዚያው ሲመጣ 13 ሰዓት ብቻ እንደበረረ ነገረኝ። ከተማው ያው፣ መንገዱም ያው፤ አራቱ ሰዓት ከየት መጣ? ከጅማስ ርቀቱ ስንት ነው?
ከሂርማታ

መልስ፦ ሁለቱም አልዋሹዎትም። ልጅዎ የነገረችዎት የመሄጃውን ነው፣ የጎረቤትዎ ልጅ ደግሞ የመመለሻውን።

መጀመሪያ ርቀቱ። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር ላይ ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጅማ አባ ጅፋር ቢለካ 11,510 ግድም ይሆናል። አዎ፣ ጅማ ከአዲስ አበባ ይልቅ በ50 ኪሎ ሜትር ያህል ለዋሽንግተን ትቀርባለች። ግን ከጅማ የሚነሣ ቀጥታ በረራ ስለሌለ በመጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ምሥራቅ 262 ኪሎ ሜትር ይበራሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ምዕራብ። ድምሩ 11,800 ኪሎ ሜትርን ትንሽ ያልፋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ትልቁ የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ ከፍታ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ረዘም አድርጎ መንደርደር አለበት። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ መሮጫ የለም፣ ጎማውም ቢሆን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ አይፈቀድለትም። የቀረው ምርጫ ክብደት መቀነስ ነው። ከሚቀነሰው ደግሞ ቀላሉ ነዳጅ ነው። ድሪምላይነር የሚባለው አውሮፕላን በሰዓት 5 ቶን ያህል ነዳጅ ይፈጃል፤ ለ13 ሰዓት 65 ቶን ማለት ነው፣ የመጠባበቂያው ሳይቆጠር። ይህን ሁሉ ተሸክሞ፣ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ከቦሌ መነሣት ስለማይችል ከፊሉን ይዞ ይነሣና መንገድ ላይ አርፎ ይሞላል። የሚያርፍበት ከተማ በየጊዜው ተቀያይሯል፤ ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ከነበሩት ውስጥ ናቸው።

ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አየሩ ወፍራም ነው፤ አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ ይነሣል፣ ሳያርፍም ቦሌ ይገባል። የጎረቤትዎ ልጅ ያየው ይህን ነው።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። አውሮፕላን በሚበርበት ከፍታ፣ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ራቅ ሲባል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። በፈረንጆቹ ክረምት አንዳንዴ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል፤ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋዎታል።

በሮም በኩል ቢሆን ሂሳቡ እንዲህ ይሆናል። ቦሌ–ሮም 4,480 ኪሎ ሜትር፣ 6 ሰዓት ያህል። መሬት ላይ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ። ሮም–ዋሽንግተን 7,230 ኪሎ ሜትር፣ ነፋሱን እየተጋፉ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት። ይኸው 17 ደረሰ። ልብ ይበሉ፣ በሮም በኩል መሄድ መንገዱን የሚያስረዝመው በ150 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጊዜውን የሚበላው መውረዱ፣ መቅዳቱና እንደገና መውጣቱ ነው። በሎሜ በኩል ሲሆን ግን መንገዱ ራሱ በ1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል።

አውሮፕላኑ ለነዳጅ ሲያርፍ አብዛኛውን ጊዜ መንገደኛው ከመቀመጫው አይነሣም። ሌሎች ሲወርዱ አይተው አብረው እንዳይወርዱ፤ አስተናጋጇን ይጠይቁ።

ሰዓት ሲያስቡ የበረራውን ብቻ አይቁጠሩ። ከቤት ወጥቶ አባ ጅፋር መግባትና መጠበቅ 2 ሰዓት፣ ወደ ቦሌ 1 ሰዓት፣ ቦሌ ላይ ቆይታ 5 ሰዓት፣ በረራው 17፣ ደለስ ላይ የኢሚግሬሽን ሰልፍ፣ ሻንጣ መጠበቅና መኪና ሌላ 2 ሰዓት። ልጅዎ ቤት ቡና እስኪቀርብልዎ 27 ሰዓት ይሆናል። ልጅዎ ከዋሽንግተን አልፋ ሌላ ከተማ የምትኖር ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረ፤ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ባረፉበት ከተማ ሻንጣዎን ራስዎ አንሥተው፣ በጉምሩክ አሳልፈው፣ እንደገና ማስረከብ ይኖርብዎት ነበር። ወደ ሌላ ከተማ የሚቀጥሉ አንባቢዎች ለዚህ ቢያንስ 3 ሰዓት ልዩነት ያለው ትኬት ያስቆርጡ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በግድግዳ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በማስመሪያ ሳሰምር መስመሩ በሰሃራና በአትላንቲክ ላይ ያልፋል። አውሮፕላኑ ግን በአውሮፓ በኩል ይሄዳል ይባላል። ለምን ይዞራል? ርቀቱን እኔ ራሴ ማስላትስ እችላለሁ?
ከጅሬን

መልስ፦ የዞረው አውሮፕላኑ አይደለም፤ ካርታህ ነው። ክብ የሆነችውን መሬት በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ስንዘረጋ ሰሜኑ ከልክ በላይ ይለጠጣል። ትምህርት ቤታችሁ የመሬት ሉል ካለ ክር ይዘህ ሂድ። አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዘህ ወጥረው። ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነሥቶ በሱዳን፣ በሜዲትራንያንና በምዕራብ አውሮፓ ላይ ሲያልፍ ታያለህ። አጭሩ መንገድ እሱ ነው።

በክሩም መለካት ይቻላል። የሉሉ ወርድ 30 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 1 ሴንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ይወክላል። ክሩ 27 ሴንቲ ሜትርን ትንሽ ካለፈ በደንብ ወጥረኸዋል ማለት ነው።

ለቅርብ ከተሞች የፓይታጎረስ ሕግ ይበቃል። አባ ጅፋር በኬክሮስ 7.67፣ በኬንትሮስ 36.82 ዲግሪ ላይ ነው፤ ቦሌ በ8.98 እና በ38.80 ላይ። የኬክሮሱ ልዩነት 1.31 ነው፤ አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 145 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። የኬንትሮሱ ልዩነት 1.98 ነው፤ በ111 አባዛውና ደግሞ በኬክሮሱ ኮሳይን (እኛ አካባቢ 0.99) አባዛው፤ 218 ይሆናል። ሁለቱን በየራሳቸው አባዝተህ ደምር፣ ካሬ ሥሩን አውጣ፤ 262።

ለዋሽንግተን ይህ አይሠራም፣ የመሬት ክብነት መግባት አለበት። የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስ ሳይን አባዛ። የሁለቱን ኬክሮስ ኮሳይንና የኬንትሮስ ልዩነታቸውን ኮሳይን አባዛ። ሁለቱን ውጤቶች ደምር። ድምሩ የአንድ ማዕዘን ኮሳይን ነው፤ ማዕዘኑን ፈልገህ በ111.2 አባዛው። ደለስ በሰሜን 38.94፣ በምዕራብ 77.46 ላይ ነው። የመጀመሪያው ብዜት 0.098፣ ሁለተኛው −0.340፣ ድምሩ −0.242፣ ማዕዘኑ 104 ዲግሪ፤ ርቀቱ 11,560 ግድም።

ተማሪ የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ የምዕራብ ኬንትሮስ ከምሥራቅ ጋር ይደመራል እንጂ አይቀነስም፤ ልዩነቱ 38.80 ሲደመር 77.46፣ ማለትም 116.26 ነው። ብትቀንሰው 5,000 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ይወጣልህና አሜሪካን ግማሽ መንገድ ታመጣታለህ። ሁለተኛ፣ ካልኩሌተሩ በዲግሪ እንጂ በራድያን ላይ አለመሆኑን አረጋግጥ።

ጥያቄ፦ ለንግድ ወደ ዱባይና ጓንግዡ እመላለሳለሁ። ኪሎ ሜትሩን አውቄ ሰዓቱን በግምት ማውጣት የምችልበት መላ አለ?
ከመርካቶ፣ ጅማ

መልስ፦ አለ። ለጄት አውሮፕላን ኪሎ ሜትሩን ለ850 አካፍለው ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ግማሽ ሰዓቷ ለመንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ ናት።

ከቦሌ ዱባይ 2,520 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚህ መላ 3 ሰዓት ተኩል ይመጣል፣ ፕሮግራሙ ላይ ግን ዱባይ ስለምትጨናነቅ 4 ሰዓት ያህል ይያዛል። ጓንግዡ 8,040፤ 10 ሰዓት፣ መመለሻው ነፋስ ስለሚገጥመው ረዘም ይላል። ጆሃንስበርግ 4,070፤ 5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ግድም። ጅዳ 1,410፤ 2 ሰዓትን ትንሽ ያልፋል።

መላው ለጅማ በረራ አይሠራም። ከቦሌ ጅማ የሚመላለሰው ባለ ውልብልቢቱ ዳሽ 8 ከጄቱ ይዘገያል፤ መንገዱም አጭር ስለሆነ ፍጥነቱን ሞልቶ የሚበርበት ጊዜ ጥቂት ነው። 262 ኪሎ ሜትሩ 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ትኬት ላይ አንድ ሰዓት ቢጻፍ አይግረምዎ።

ጥያቄ፦ ትኬቴ ላይ «ጃንዋሪ 15፣ 00፡40» ይላል። ጥር 7 ቀን ነው ብለውኛል። ከጅማ ጥር 7 ጠዋት ብነሣ እደርሳለሁ?
ከመንደራ

መልስ፦ አይደርሱም! አውሮፕላኑ ጥር 7 ሲነጋ ሄዷል።

ከኪሎ ሜትሩ ሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስቀረው ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። በትኬት አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በእኛ ልማድ ደግሞ ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። 00፡40 ማለት ከሌሊቱ 6፡40 ነው። እኛ «ጥር 6 ለ7 አጥቢያ» የምንለው ሌሊት ማለት ነው። ለውጭ በረራ ቢያንስ 3 ሰዓት መቅደም ስለሚገባ ጥር 6 ከምሽቱ 3፡40 ላይ ቦሌ መገኘት አለብዎት፤ ከጅማ መነሻዎም ጥር 6 ቀን ላይ ነው። ትኬት ላይ ከ00፡00 እስከ 06፡00 ያለ ሰዓት ባዩ ቁጥር ጉዞው ከዋዜማው ምሽት እንደሚጀምር ያስቡ።

ሰዓቱን ለመለወጥ ይህን ይያዙ። ከ07 እስከ 18 ያለውን 6 ይቀንሱ፦ 14፡20 ከቀኑ 8፡20 ነው። ከ19 እስከ 24 ያለውን 18 ይቀንሱ፦ 22፡30 ከምሽቱ 4፡30። ከ00 እስከ 06 ያለው ላይ 6 ይደምሩ፦ 02፡15 ከሌሊቱ 8፡15። ትኬቱ ላይ 08፡00 አንብቦ «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብሎ የሚመጣ ሰው 6 ሰዓት ዘግይቷል።

ወርና ቀኑንም በጭንቅላት አይለውጡ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ የካቲት። ጳጉሜን 6 ቀን በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይውላል፤ ልዩነቱም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ለምሳሌ የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ በ2020 መጀመሪያ ወራት የሚጓዝ ሰው በለመደው ስሌት ቢሄድ በአንድ ቀን ይስታል።

ሌላም አለ። ትኬቱ ላይ መነሻው በመነሻው ከተማ ሰዓት፣ መድረሻው በመድረሻው ከተማ ሰዓት ነው የሚጻፈው። አንዱን ከሌላው ቀንሶ የበረራ ሰዓት ማግኘት አይቻልም። ዋሽንግተን ከእኛ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ግድም 7 ሰዓት፣ በቀሪው ጊዜ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እነሱ ሰዓታቸውን በዓመት ሁለቴ ስለሚያዞሩ ነው፤ በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ። እንበል በጥር ከቦሌ ከምሽቱ 4፡30 ተነሥተው 16 ሰዓት ተኩል ቢጓዙ፣ በእኛ ሰዓት በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ይደርሳሉ፤ እዚያ ግን ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ትኬቱን ያየ ሰው ጉዞው 8 ሰዓት ተኩል ብቻ ይመስለዋል። ሲመለሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ 13 ሰዓቱ በትኬት ላይ 21 ይመስላል። ጓንግዡ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፣ ዱባይ 1 ሰዓት፤ ጆሃንስበርግ በ1 ሰዓት ይዘገያል፤ ጅዳ ከእኛ ጋር እኩል ነው።

ጥያቄ፦ የውጭ በረራዬ ማታ ነው። ከጅማ በዚያው ቀን በአውቶቡስ ብሄድ ይሻላል ወይስ በአውሮፕላን?
ከቦሳ ኪቶ

መልስ፦ በአውቶቡስ በዚያው ቀን አይሞክሩት። በመኪና መንገዱ በሰኮሩ፣ በጊቤ ሸለቆ፣ በወልቂጤና በወሊሶ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአየሩ መስመር በሲሶ ይበልጣል። ንጋት ላይ የተነሣ አውቶቡስ በደህና ቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ይፈጅበታል። ጊቤ ቁልቁለት ላይ አንድ የጭነት መኪና ከተበላሸ፣ ወይም ሰበታ መግቢያ ላይ መንገዱ ከተዘጋጋ፣ ሂሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። በአውቶቡስ ከሆነ በዋዜማው ገብተው አዲስ አበባ ይደሩ።

በአውሮፕላን ከሆነ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። የዕለቱን የመጨረሻ በረራ አይያዙ፤ በክረምት ዝቅ ያለ ደመናና ጭጋግ ጅማ ላይ ማረፍ ሲከለክል አውሮፕላኑ ይዘገያል፣ ይሰረዛልም። የጅማውንና የውጭውን በአንድ ትኬት ያስቆርጡ፤ እንዲያ ከሆነ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ ሌላ በረራ መፈለግ የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው። ለየብቻ በተገዙ ሁለት ትኬቶች ግን ኪሳራው የእርስዎ ነው፣ ጥቂት መቶ ብር ለመቆጠብ ሲባል የሚያዋጣ አይደለም። ሦስተኛ፣ አባ ጅፋር ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ የሚለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ። ለዋሽንግተን «አይ ኤ ዲ» የሚሉት ሦስት ፊደሎች ካሉበት ሻንጣው እስከዚያ ይሄዳል። «ኤ ዲ ዲ» ብቻ ካለበት ቦሌ ላይ ከአገር ውስጥ ማስተናገጃው ራስዎ ተረክበው ወደ ዓለም አቀፉ መውሰድ አለብዎት፤ ለዚህ አንድ ሰዓት ተጨማሪ ይያዙ።

ጥያቄ፦ አባቴ ከጅማ ወጥተው አያውቁም። «እዚያ ከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረኛል» ብለው ፈርተዋል። ምን ልበላቸው?
ከአጂፕ

መልስ፦ አውሮፕላኑ ከ10,000 ሜትር በላይ ቢወጣም ውስጡ አየር ተጨምቆ ስለሚሞላ አባትዎ የሚተነፍሱት የዚያን ከፍታ አየር አይደለም። በድሪምላይነርና በኤርባስ 350 ውስጥ ያለው አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ ብዙም አያልፍም። አባ ጅፋር ማረፊያ ራሱ 1,700 ሜትር ላይ ነው። እንዲያውም ትንፋሽ ካጠራቸው የሚያጥራቸው ቦሌ ላይ ደረጃ ሲወጡ ነው፤ ቦሌ ከአውሮፕላኑ ውስጥ በ500 ሜትር ያህል ይበልጣል። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ካለባቸው ግን ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።

የሚያስቸግራቸው ድርቀቱና መቀመጡ ነው። ውኃ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነሥተው በመተላለፊያው ይራመዱ፤ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚታቸውን ያንቀሳቅሱ። በ17 ሰዓት ውስጥ እግር ያብጣልና ጠባብ ጫማ አያድርጉ። ጆሮ የሚደፈነው ሲወርድ ነው፤ ማስቲካ ማኘክ ወይም ምራቅ መዋጥ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ ተኝተው ከሆነ ይቀስቅሷቸው።